የኩሽኔታ ኮከብ

«የዕድሜ ነገር ነው» የምትባለውን አነጋገር አልወድም። አልወድም ስል እንዲያው ቅር ይለኛል ማለቴ አይደለም፤ ስሰማት ደሜ ይፈላል፣ ከተናጋሪው ጋር እጣላለሁ። በቅርቡ ታክሲ ውስጥ አንድ ጎልማሳ እናቱን በስልክ እንደዚያ ሲላት ሰምቼ፣ አንቺን ምን አገባሽ እስክባል ድረስ ተከራክሬዋለሁ። ምን እንዳገባኝ ለመናገር ከአባቴ መጀመር አለብኝ።

አባቴ መካኒክ ነው። ነበር አልልም። ከጉራጌ አገር ገና ጢም ሳያበቅል መጥቶ፣ በሰው ጋራዥ መኪና ሥር ተጋድሞ ሥራ ለምዶ፣ ኋላ ኮልፌ ውስጥ ግቢያችን ጥግ ላይ የራሱን ቆርቆሮ ለበስ ጋራዥ ከፈተ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ያደግነው ሞተር ሲነሳና ሲጠፋ እየሰማን ነው። አባቴ አጥብቆ የሚያምነው አንድ ነገር ቢኖር የላላ ብሎን መጥበቅ አለበት የሚለው ነው። የበር ማጠፊያ ቢንቋቋ፣ የድስት እጀታ ቢነቃነቅ፣ ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ሳያጠብቅ አያልፍም። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ፣ ሰው እያለቀሰ፣ የተቀመጠበትን ወንበር ገልብጦ ብሎን ሲያጠብቅ አይቼዋለሁ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቴሌስኮፑን የሰጠኝ አብሮን ያስተምር የነበረ የውጭ አገር ሰው ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣ ውስጥ አልገባ አለውና ለኔ ተወልኝ። ወፍራም ቱቦ ነው፤ እግሩ ላይ ሲቆም ደረቴ ድረስ ይመጣል። ቱቦው ታች ያለው ትልቅ ክብ መስታወት ብርሃኑን ይሰበስብና ላይ ወዳለች ትንሽ መስታወት ይልከዋል፤ እሷ ደግሞ ወደ ጎን፣ ዓይናችንን ወደምንደቅንበት ሌንስ ትመልሰዋለች። ለተማሪዎቼ ነበር ያሰብኩት። አባቴ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጨረቃን ካየበት በኋላ ግን ከቤት የሚወጣ ዕቃ አልሆነም።

በየምሽቱ፣ ሰማዩ ገና በደንብ ሳይጠቁር፣ ራቱን ትቶ ግቢ ውስጥ ዱካ ላይ ይቀመጥ ነበር። የጨረቃን ጉድጓዶች አይቶ፣ ይህማ የኛ ሰፈር መንገድ ነው፣ እዚያም ቆፍረው ትተውት ሄደዋል ብሎ ያስቀኛል። የሳተርንን ቀለበት ያየ ቀን ግን አልቀለደም። ማን ነው የገጠመው ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልገጠመውም አልኩት። እንደገና ሌንሱ ላይ ጎንበስ አለና፣ ልጅ ሆኜ ይህን አይቼ ቢሆን ኖሮ ትምህርቴን አልተውም ነበር አለኝ። ትምህርቱን መተው ይቆጨው እንደነበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ክረምት ገባና ሰማዩ ተዘጋ። ቴሌስኮፑም ዕቃ ቤት ቆመ። መስከረም ላይ ደመናው ገለጥ ሲል አባቴ እኔ ከሥራ እስክመለስ አልጠበቀም፤ ብቻውን አውጥቶ ጨረቃዋን ሊያይ ተቀመጠ። ስደርስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ምነው ስለው፣ ዓይኔ ሄዷል አለኝ። ጨረቃዋ ተድበስብሳብኛለች፣ ጠርዟ ሁለት ይሆንብኛል፣ ኮከቦቹም ጅራት አብቅለዋል አለ። መነጽሩን አድርጎም አውልቆም፣ በግራም በቀኝም ዓይኑ ሞክሮት ነበር።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ቤቴል ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ችኩል ወጣት ነው። የአባቴን ዓይን በመብራት አየና፣ ሞራ ጀምሮዎታል፣ ግን ገና ነው፣ አሁን ለኦፕሬሽን አይደርስም፣ ከስድስት ወር በኋላ ይመለሱ አለው። ጨረቃ ሁለት ሆና የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የሚቀጥለውን ሰው ካርድ እያነሳ «የዕድሜ ነገር ነው» አለኝ። ጨረቃን በምን እንዳያት አልጠየቀም። እኔም አልነገርኩትም።

ወንድሜ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። እሁድ እሁድ ይመጣል። የሆነውን ሲሰማ አባታችንን አይዞህ፣ የዕድሜ ነገር ነው ብሎ አቀፈው፤ አቅፎት እንደቆመ አባቴ የሚነዳትን መኪና ቁልፍ ተቀበለው። ሐኪሙ መንዳት ይተው አላለም። ወንድሜ ግን ሰው ገጭቶ እስር ቤት ከሚገባ ይቅርበት ብሎ ወሰነ። በሳምንቱ ደግሞ መጥቶ፣ እጁን እንዳይቆርጥ ብሎ የዕቃ ሳጥኑን፣ መፍቻዎቹን፣ ክሪኩን ሁሉ ጭኖ ወሰደ። አባቴ አለመከራከሩ አንጀቴን አሳረረው። የመኪናውን መሪና የሥራ ዕቃውን በገዛ ልጁ የተነጠቀ ሰው ይጮኻል፣ ይሳደባል ብዬ ስጠብቅ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሳጥኑ ሲጫን አየ፣ እንዳይፋጭ ከሥሩ ጨርቅ አድርግበት አለ፣ ገባ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ እያየ አረጀ። ግድግዳ እየያዘ መሄድ ጀመረ። ሻዩን ራሱ ሲያማስል የኖረ ሰው ስኳር ጨምሩልኝ ይል ጀመር። ጋዜጣ ሳመጣለት አንብቢልኝ ይላል፤ ሳነብለት ግማሹን አይሰማም። ደንበኞቹ መኪና ይዘው በር ሲያንኳኩ፣ ሞተሩ ሲያጉረመርም ከውስጥ ሆኖ ይሰማና ምን እንደነካው ያውቃል፤ ፊቱ ላይ አየዋለሁ። ወጥቶ ግን ዓይኔ ደክሟል፣ አስኮ አንድ ጎበዝ ልጅ አለ፣ እሱ ጋ ሂዱ ብሎ ይመልሳቸዋል። በሩን ዘግቶ ሲመለስ እንደገና ግድግዳውን ይይዛል።

እኔ ምን አደረግሁ? ቴሌስኮፑን በአንሶላ ሸፍኜ መኝታ ቤቴ ጥግ አቆምኩት። እሱ ያጣውን ነገር እኔ ፊቱ ተቀምጬ አላይበትም አልኩ። ለሱ የቀረ ለኔም ይቅር አልኩ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል አንገቴን ደፍቼ ነበር ወደ ቤት የምገባው። በዚህም ራሴን ጥሩ ልጅ አድርጌ እቆጥር ነበር። ለጓደኞቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ አንጀታቸውን በልቼዋለሁ።

ጥር ላይ ዕቃው ጥግ ቆሞ ሳየው ልቤ አልችል አለ። ለትምህርት ቤቱ ልሰጠው ቆረጥኩ። አባቴን ስጠይቀው፣ ስጪው፣ ልጆቹ ይዩበት አለኝ። ነገር ግን የመካኒክ ልጅ ነኝና ሳይሞከር ዕቃ ለሰው መስጠት አይሆንልኝም። እሁድ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይዋ ግንባር ስትበሳ፣ ግቢ አወጣሁት።

ቴሌስኮፕ መስተካከሉ የሚታወቀው በኮከብ ነው። እውነተኛው ኮከብ ግን ይርገበገባል፣ ደግሞም ቆሞ አይጠብቅም፤ ብሎን እያዞሩ እሱን ማሳደድ ያበሳጫል። ስለዚህ በእጅ የሚሠራ ኮከብ አለ። ትንሽ የምታብለጨልጭ የብረት ኳስ ፀሐይ ላይ ስትቀመጥ፣ ከሩቅ ለሚያያት የመርፌ ጫፍ የምታክል ብርሃን ታወጣለች። ያቺን ብርሃን በቴሌስኮፑ ይዘህ ሌንሱን ሆን ብለህ ትንሽ ስታደበዝዘው ትሰፋና ክብ ትሆናለች፤ መሐሏ ላይ የትንሿ መስታወት ጥላ እንደ ጥቁር ጉድጓድ ይታያል። ጉድጓዱ መሐል ለመሐል ከሆነ መስታወቶቹ ተናበዋል። ወደ ጎን ከሸሸ ተጣልተዋል።

ወንድሜ ሳጥኑን ሲወስድ አንዲት የወተት ጣሳ ረስቶ ነበር። ውስጧ ከተሰባበረ ኩሽኔታ የወጡ ኳሶች ተጠራቅመዋል። አባቴን አንድ ስጠኝ አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ጣሳዋን ጭኑ ላይ አድርጎ በጣቱ እየዳበሰ ዝገት ያልነካትን መረጠልኝ። ጥቁር ጨርቅ ላይ በማስቲሽ ለጠፍኳት። ግቢያችን ግን ለዚህ ያጥራል፤ ርቀት ያስፈልጋል። ቅያሱ ጫፍ ላይ የአንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ የጎረቤታችን አጥር አለ፤ ከበራችን ቀጥታ ይታያል። ሄጄ ጨርቁን አጥራቸው ላይ ስሰቅል ወጡና ምንድን ነው አሉኝ። እኔ ሞኟ፣ ኮከብ ነው አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። የጌታ ልጅ ነኝ፣ በኔ አጥር ላይ ኮከብ አይቆጠርም፣ አንቺ የተማርሽ አልነበርሽም ወይ አሉ። እትዬ፣ ቆጠራ አይደለም፣ የአባዬ ኩሽኔታ ነው ብዬ ኳሷን አሳየኋቸው። ተጠግተው አዩ፣ በጥፍራቸው ነኩ፣ የሳቸው ከሆነስ ደግ አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ፣ እኔ ሳልመልስ ራሳቸው መለሱት፤ ምን ይደረጋል የኔ ልጅ፣ የዕድሜ ነገር ነው። አዎ አልኳቸው።

ቴሌስኮፑን በራችን ላይ፣ ፀሐይዋን ከጀርባዬ አድርጌ አቆምኩት። አባቴ ዱካውን ይዞ ከአጥሩ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ጨርቁን አገኘሁ፣ ብርሃኗን አገኘሁ፣ ሌንሱን አጠራሁ። ነጥብ አልሆነችም። ወደ አንድ ጎን የተጎተተች፣ ጅራት ያበቀለች ነገር ሆነች። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የኔም ዓይን ሄደ የሚል ነው። በእውነት ነው የምናገረው፤ በዘር የሚመጣ በሽታ ነው ብዬ ደመደምኩ። በግራ ዓይኔ አየሁ፣ ያው ነው። ቀና ብዬ ጨርቁን በባዶ ዓይኔ አየሁት፣ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ተመልሼ ሌንሱን አደበዘዝኩት። ጥቁሩ ጉድጓድ መሐል የለም፤ ጠርዙ ላይ ሊወድቅ ደርሷል።

ጅራት ያበቀሉ ኮከቦች። ሁለት የሆነ የጨረቃ ጠርዝ። መስከረም ላይ አባቴ አንድ ሳያስቀር ነግሮኝ ነበር። የመስታወትን ምዕራፍ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ሥዬ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ያ የታመመ ዓይን ሳይሆን የተጣመመ መስታወት ምልክት መሆኑን ተማሪዎቼ ቢጠይቁኝ ወዲያው እመልሳለሁ።

ቱቦውን ዞሬ ከጀርባው አየሁ። ትልቁን መስታወት የሚይዙት ሦስት ብሎኖች በሞላ፣ በተጠማዘዘ ሽቦ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ መስታወቱን ወዲህና ወዲያ ለማዘንበል ተብለው እንዲላሉ የተሠሩ። ሞላዎቹ ተጨፍልቀዋል። የብሎኖቹ አናት ቀለሙ ተልጦ አዲስ ብረት ያበራል።

«አባዬ፣ ይህን የነካው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ፈጠን ብሎ። «ነሐሴ ላይ፣ ዕቃ ቤት ሳለ። ሦስቱም ላልተው ነበር። አጠበቅኋቸው።»

ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረ። አምስት ወር ሙሉ ያልሰማሁት ኩራት። እዚያው ቅያሱ መሐል ጮኽኩበት። እንዲላሉ ነው የተሠሩት አልኩ፣ አንተ ያየኸውን ብሎን ሁሉ ካላጠበቅህ እንቅልፍ አይወስድህም ወይ አልኩ፣ በገዛ እጅህ ነው አልኩ፣ ዓይንህ ምንም አልሆነም፣ ሰማህ፣ ዓይንህ ምንም አልሆነም። ጎረቤታችን ከጨርቁ አጠገብ ሆነው ያዩኛል። በሕይወቴ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። እሱ ግን የሰማው የመጨረሻውን አይደለም፤ የጠበቀ ብሎን ደግሞ ምን ያበላሻል ብሎ ጠየቀኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀው።

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ብሎኖቹን አጥብቋል፤ ስለዚህ በሱ ሂሳብ ዕቃው ከበፊቱ ይልቅ ደህና ሆኗል። ዕቃው ደህና ሆኖ ጨረቃ ከተድበሰበሰች ጥፋቱ ከዓይኑ ሌላ ከየት ሊመጣ ይችላል? እጁን ከዓይኑ አብልጦ የሚያምን ሰው ነው። እጁ ያበላሻል የሚል ሐሳብ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልመጣለትም፤ ለኔም አልመጣልኝም።

ካቻቢቴ ፈልጌ ወደ ቤት ልገባ ስል ቤት ውስጥ አንድም መሣሪያ እንደሌለ ትዝ አለኝ። ወንድሜን ረገምኩት። አባቴ ኮቱን ከፈተና ከውስጥ ኪሱ እጀታዋ የተላጠች ካቻቢቴ አወጣ። ይህቺን ደብቄ አስቀረኋት አለ። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ አልሰጥም አለ፤ እኔ ነኝ ያጠበቅኋቸው፣ የምፈታቸውም እኔ ነኝ።

እሱ ከኋላ፣ እኔ ሌንሱ ላይ ሆነን ጀመርን። የላይኛውን ፍታው እለዋለሁ፣ ምን ያህል ይላል። ሩብ ዙር እለዋለሁ፣ ፀጉር ታክል ያዞርና ይበቃል ይላል። ጨምር ስለው ያጉረመርማል። ሲፈታ እጁ ራሱ ያምፃል፤ አንዱን ፈትቶ ሳላየው ሌላውን መልሶ ያጠብቃል። ኮከቧ በየጊዜው ከሌንሱ ትሸሻለች፣ እንደገና ፈልጌ እይዛታለሁ፣ እንደገና እናደዳለሁ። እጅህን አንሳ፣ ካላልኩህ አትንካ እያልኩ እጮኻለሁ፣ እሱም አንቺ ደህና አድርገሽ ንገሪ ይለኛል። እንደዚህ እየተጨቃጨቅን ጥቁሩ ጉድጓድ ከጠርዙ ተነሳ፣ ቀስ እያለ መጣ፣ መጣ፣ መሐል ላይ ቆመ። በዙሪያው ቀጫጭን ቀለበቶች ተደረደሩ።

ና እይ አልኩት። ምን እንደሚያይ አልነገርኩትም። አፌን በእጄ ያዝኩ፤ አንድ ቃል ካመለጠኝ እኔን ለማስደሰት ብሎ ያየሁትን መልሶ ይነግረኛል ብዬ ፈራሁ። መነጽሩን አውልቆ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ሌንሱን ራሱ አዞረው፤ ደበዘዘ፣ ጠራ፣ እንደገና ደበዘዘ፣ ጠራ።

«ጨርቁ ላይ ጉንዳን እየሄደ ነው» አለ።

ገፋ አድርጌው አየሁ። እውነቱን ነበር። ከኳሷ በታች አንዲት ጉንዳን ጨርቁን አቋርጣ ወደ አጥሩ ትሄዳለች። እግሯ ይቆጠራል።

ሰው ደስ ሲለው ያለቅሳል ይላሉ። እኔ ግን ንዴት ነው የመጣብኝ። ስልኬን አወጣሁና ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሄሎ እንኳ አላስጨረስኩትም። አሁኑኑ ቁልፉን ይዘህ ና፣ ሳጥኑንም፣ ሁሉንም ይዘህ ና፣ አምስት ወር ሙሉ ሰውዬውን በቁሙ ቀብራችሁታል አልኩት። ቀብራችሁታል ነው ያልኩት፣ ቀብረነዋል አላልኩም። ሐኪሙን ሰደብኩ፣ ችኩል ነው፣ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አቃተው አልኩ። ወንድሜ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ ሲለኝ ባሰብኝ። የገዛ አባትህን ዓይን ሳታረጋግጥ እንዴት መሪ ትነጥቀዋለህ አልኩት።

አባቴ ከቴሌስኮፑ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። ካቻቢቴዋን ጨርቅ ላይ ጠርጎ ኪሱ ከተተ።

«ልጁን ተዪው» አለኝ፣ በቀስታ። «ሐኪሙንም ተዪ። እኔ ዓይኔን ጠረጠርኩ፣ ስለዚህ ድጋሚ አላየሁም። አንቺ ደህና ዓይን ይዘሽ፣ አምስት ወር መኝታ ቤትሽ ቆሞ፣ አንድ ቀን ለምን አላየሽበትም?»

ላንተ ብዬ ነው ልለው ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። የተሸፈነበት አንሶላ ንጹሕ መሆኑ፣ በየሳምንቱ አቧራውን ማራገፌ፣ ለጓደኞቼ ስነግር የሚሰማኝ ነገር ሁሉ አብሮ መጣ።  እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጉንዳኗ የት እንደደረሰች ሊያይ ተመለሰ፤ ግድግዳም አልያዘም።

ወንድሜ አሁንም ስልኩ ላይ ነበር። እሺ ቁልፉን አመጣለሁ፣ ግን ጥፋቱ የማን ነው ብሎ ይጠይቀኛል። ሁለቴ ጠየቀኝ። ስልኩን ዘጋሁት፤ ጥያቄውን እስከ ዛሬም አልመለስኩለትም።